ደብዳቤው ለረህማ፣ ፎቶው ለእማዬ

ሻሸመኔ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትዬ ረህማ፣

ሰላምታዬ ካንቺ ጀምሮ እማዬን፣ ሱቁን፣ የጓሮውን እንሰት ሳይቀር ያዳርስልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከትንኝና ከብቸኝነት በቀር የሚነክሰኝ የለም።

በቅድሚያ ለቁጣሽ መልስ ልስጥ። ሳልጽፍ የከረምኩት ረስቼያችሁ አይደለም። መሥሪያ ቤቴ ለሚያሳትመው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ «እናት እንስሳት ከነልጆቻቸው» የሚል ሥራ ተሰጥቶኝ፣ ከአንድ ሾፌርና ከአንድ ድንኳን ጋር ጫካ ለጫካ ስዞር ነው። ሾፌሩ ከጨዋታ ይልቅ እንቅልፍ ይወዳል። ስለዚህ የማወራው ከአራዊቱ ጋር ነው፤ እነሱ ደግሞ ጨዋ ናቸው፣ አቋርጠውኝ አያውቁም።

እማዬ «ደብዳቤው የረህማ ነው፣ የኔ ፎቶው ነው» አለች ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እውነቷን ነው። ደብዳቤውን አንቺ እያነበብሽላት የምትሰማው አንቺ የፈቀድሽላትን ነው፤ ፎቶውን ግን ማንም አያነብላትም። እንግዲያው ከየደረስኩበት እናት ከነልጇ እየመረጥኩ እልክላታለሁ።

አሁን የላክሁላት በሰንቀሌ ሜዳ ያነሳኋት ቆርኬ ናት። ግልገሏ የታለ ካለችሽ፣ በስተቀኝ ከታች ሣሩ ውስጥ ጆሮው ይታያል። ቆርኬ እንደወለደች ልጇን ሣር ውስጥ ትደብቅና ራቅ ብላ ልጅ የሌላት መስላ ትግጣለች፤ ጅብ እንዳያውቅባት ነው። እስክታጠባው ድረስ ዞር ብላ እንኳ አታየውም። እዚያ ሜዳ ላይ በሆዴ ተኝቼ ጠዋቱን ሙሉ ሳያት፣ እንዴት ያስችላታል እያልኩ ነበር።

ነዚፍ ጻፈላችሁ ወይ? ትንሹ ወንድማችን ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ለእኔ የጻፈው አንዴ ነው፤ «አንተ ዝንጀሮ ታነሳለህ፣ እኔ ጠመንጃ አነሳለሁ፣ ሳይደክመን እንገናኝ» ይላል። ደብዳቤው ከኪሴ አይወጣም።

ወንድምሽ ባህሩዲን


ዲላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወንድሜ ባህሩ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ሰው አጠገብህ ካለ ደግሞ ጥሩ ነው።

ባለፈው ስለ ነዚፍ ስትጠይቀኝ ስለ ቡና ዋጋ ጻፍኩልህ። አንተም «ረህማ ስለ ቡና ካበዛች አንድ የደበቀችው ነገር አለ» ብለህ መለስክ። ደብቄ ነበር። አብሮት የዘመተው የጪጩው ታረቀኝ አንድ እግሩን አጥቶ ተመልሷል ሲሉኝ ለገበያ የወጣሁ መስዬ ሄድኩ። እናቱ ገና ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያኔ መመለስ ነበረብኝ፤ ግን ገባሁ።

ነዚፍ የለም፣ ባህሩ። በመጋቢት ነው። ታረቀኝ አጠገቡ ነበር፤ እጁን ይዞታል። ሌላ የነገረኝ ነገር አለ፣ እሱን ግን አልጽፈውም።

ከመንግሥት ወረቀት አልመጣም። የምናውቀው እኔ፣ አንተና የታረቀኝ ቤት ሰዎች ብቻ ነን፤ እነሱንም በአላህ ለምኛቸዋለሁ። እማዬ አታውቅም። ደም ብዛቷን ታውቃለህ፤ ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳትሰማ ብሏል። ደግሞ ጾም ላይ ናት፤ በባዶ ሆዷ እንዴት ብዬ ልንገራት? ረመዳን ይለፍ፣ ኢዱ ይለፍ፣ ከዚያ አንተ መጥተህ ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘናት እንነግራታለን። እስከዚያ ነዚፍ ደህና ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ወረቀት ጻፍልኝ፤ አንደኛው ጮክ ብዬ የማነብላት፣ ሳቅ የበዛበት፤ ሌላው የኔ።

የጉሬዛዋ ፎቶ ደርሷታል። «እሷ ጥቁር፣ ልጇ ነጭ! ከማን ሰርቃ ነው?» ብላ አሳቀችኝ። ሲወለድ ነጭ ነው፣ ሲያድግ ይጠቁራል ያልከውን ነገርኳት። «እሱንማ አሪቻ ጫካ አይቻለሁ» አለች፤ «ጎረቤቶቿ እየተቀባበሉ ይይዙላታል፣ እሷ ታርፋለች።» እኔ ግን የያዝኩትን የምቀባበለው ሰው የለኝም፣ ባህሩ። ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን እንባዬ ይመጣል፤ በርበሬው ነው እላለሁ።

ረህማ


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

እትዬ ረህማ፣

ኢዱ አልፏል፤ እኔ ግን አልመጣሁም። ለምን እንደሆነ ስትጠይቂኝ ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። እማዬ በር ላይ ቆማ ዓይኔን ስታየው ይታየኛል፤ አንቺ የምትችይውን እኔ አልችልም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሐይቁ ዳር ነው። አልቅሼ ስመለስ ሾፌሩ «ምነው ዓይንህ?» አለኝ፤ ጢስ ነው አልኩት። እሳት አላነደድንም ነበር፤ እሱም አልጨቀጨቀኝም። ትናንት ደግሞ የፓርኩ ጠባቂ ወንድም አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «አለኝ፣ ወታደር ነው» አልኩት። ሰውዬው እማዬን አያውቃትም፣ ዲላንም አይቶ አያውቅም፤ ለእሱስ ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ቃሉ ካፌ አልወጣ አለኝ።

አዞ ልጆቿን ከእንቁላል እንደወጡ በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ስትወስዳቸው አንስቻለሁ። የሚያያት ሰው እየበላቻቸው ይመስለዋል። ለእማዬ አልላክሁትም። በምትኩ የሜዳ አህያ ከውርንጭላዋ ጋር አለላት። የሚነበበውን ወረቀት አስቂኝ አድርጌዋለሁ፤ ጉማሬ አባረረኝ ያልኩት ውሸት ነው፣ አትደንግጪ።

ባህሩ


ዲላ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1980 ዓ.ም.

ባህሩ፣

አልቆጣም ብዬ ነበር፤ ተቆጥቻለሁ። በሰኔው ደብዳቤህ «እስካሁን እንዴት አልነገርሻትም?» ብለህ ትጽፋለህ። አንተ ከአንበሳ ጋር እያደርክ እኔን ፈሪ ልትለኝ? ናና ንገራት! አረፋ ደርሷል፣ እሱ ይለፍ ብያለሁ፤ ከአረፋ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር እንደማላመጣ አልምልልህም።

አሁን ያለሁበትን ልንገርህ። ከነዚፍ ደብዳቤ እያመጣሁላት ነው። ማለቴ እኔ እየጻፍኩ። ጓሮ ገብቼ እጽፍና፣ ከፖስታ ቤት የመጣሁ መስዬ ነጠላዬን ሳላወልቅ አነብላታለሁ። እሱ ይቀልድ እንደነበረው እቀልዳለሁ፤ ሻለቃው እንደ ዝይ ይራመዳል፣ ምስሩ ውስጥ ከምስር ይልቅ ጠጠር ይበዛል እላለሁ። ትስቃለች። አንዳንዴ እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ያለ ይመስለኛል። ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን ተቀብላ ታሸተዋለች።

ትናንት ግን «ደብዳቤው የረህማ ነው፣ የኔ ፎቶው ነው። ነዚፍ ፎቶውን ይላክልኝ» አለች። በወታደር ልብስ አይታው አታውቅም። «የጦር ሜዳ ላይ ፎቶ ቤት የለም» አልኳት። «ዝንጀሮ የሚነሳበት አገር ወታደር አይነሳም?» አለችኝ።

ጋሽ ገሪማ ፎቶ ቤት ስትሠራ፣ አብረው ተነስተው የማያውቁ ሰዎችን አንድ ላይ ታደርግ አልነበረም? የሞተ አባትና ሙሽራ ልጁን ጎን ለጎን ያቆምከውን አስታውሳለሁ፤ ሰዎቹ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። ነዚፍ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሳውን ጉርድ ፎቶ አያይዤልሃለሁ። ሥራልኝ። ሌላ አልለምንህም።

ረህማ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

እትዬ ረህማ፣

ያልሽው ተሠርቷል። አያይዤዋለሁ፤ ለማየት አትቸኩይ፣ ለብቻሽ ሁኚና እዪው።

እንዴት እንደሠራሁት አውቀሽ እንድትመልሺላት ልንገርሽ። የፓርኩን ጠባቂ ካኪውንና ቀበቶውን ተውሼ እኔው ራሴ ለበስኩት። ከነዚፍ ጋር ቁመታችንም ትከሻችንም አንድ ነው፤ ልብሱን ስለብስበት ይናደድ አልነበር? ካሜራውን እንዲጫንልኝ ለሾፌሩ ሰጠሁት። እጄን የት እንደማደርገው ቸገረኝና ቀበቶዬ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ እዚህ መጥቼ ጨለማ ክፍል ገባሁ። የሱን ፊት ቆርጬ በኔ አንገት ላይ አጣበቅሁና እንደገና አነሳሁት፤ ስፌቱን በእርሳስ አጠፋሁ። ከአንገት በላይ ነዚፍ፣ ከአንገት በታች እኔ ነኝ።

የጋሽ ገሪማ ቤት ሥራ እንዲህ አይከብድም ነበር። ወረቀቱ ውኃው ውስጥ ሆኖ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ፣ ቀና ብሎ አየኝ። ቀይ መብራቱን አጥፍቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ብቻዬን ሆኛለሁ፣ እንደዚያ ዕለት ግን አልሆንኩም።

ባህሩ


ዲላ፣ መስከረም 10 ቀን 1981 ዓ.ም.

ባህሩ፣

እጅህ ይባረክ፤ አምናለች። ፎቶውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብዙ አየችው። በመጨረሻ «ከስቷል» አለችና ትራሷ ሥር አደረገችው። አንድ የገረመኝ፣ ወዲያው «ባህሩስ የት ነው ያለው? ደህና ነው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ደህና ነው፣ ፎቶ ያነሳል አልኳት። «ማይልኝ» አለች። ማልኩላት፤ ስላንተ እውነት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የማልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሶላቷ ረዝሟል። የነዚፍ ያልኩትን ደብዳቤ ሳነብላት ትሰማኛለች እንጂ አትጠይቀኝም፤ «መልሺለት» የምትለኝም ነገር የለም።

አራዊት ይብቃኝ ብላለች። «ላም ይላክልኝ፣ አባቴ ቤት እንደነበረችው ያለች።» እንግዲህ ለላም ሩቅ አትሄድ።

ረህማ


ያቤሎ፣ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

እትዬ ረህማ፣

ለእማዬ ላሞች ልኬላታለሁ። ቦረና መጥቼ ላም ማጣት አይቻልም። ቀንዷ የተንጨፈረረው ላም ጥጃዋን ስታጠባ ናት፤ ሌላዋ ገና እንደወለደች ናት፣ ጥጃው አልቆመም። እነዚህን ስጫት።

አንዱን ግን ለይቼ በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፤ እሱ ያንቺ ነው። እኔ ብቻዬን ይዤው መዞር አቅቶኝ ነው የላክሁልሽ። አንዲት ላም ጥጃዋ ሞቶባታል። ሰዎቹ ቆዳውን ገፈው፣ ጭድ ሞልተው፣ በአራት እንጨት እግር ፊቷ አቆሙላት። ላሟ አሸተተችው፣ ላሰችው፤ ወተቷን ለቀቀች። ሴትየዋ ከሥር ታልባለች። እኔ ካሜራዬን አንስቼ፣ ሳላስተካክል ተጭኜ ፊቴን አዞርኩ፤ ትንሽ የደበዘዘው ለዚያ ነው። ያቺ ላም እማዬ ናት። ጭዱን የሞላነው ደግሞ እኔና አንቺ ነን።

ጋዜጣው ላይ በትልቁ «ለረህማ ብቻ» ብዬ ጽፌአለሁ። ፎቶዎቹን ሁሉ ዘመዳችን ነጅሙዲን በኤንትሬ የጭነት መኪናው ከሞያሌ ሲመለስ ያመጣልሻል፤ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስጠንቅቄዋለሁ። ይህ ደብዳቤ በፖስታ ስለሆነ ይዘገይ ይሆናል። ከአሁኑ ሥራ በኋላ እመጣለሁ፣ ረህማ። በዚህ መቀጠል አልችልም።

ባህሩ


ዲላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1981 ዓ.ም.

ጋሼ ባህሩ፣ የምጽፍልህ ጎረቤታችሁ አስተማሪዋ አልጣሽ ነኝ። እማማ መሪማ «ረህማ ያልጻፈችው ደብዳቤ እፈልጋለሁ» ብለው ጠሩኝ። ከራሴ ምንም አልጨምርም፤ እንዳሉት እጽፋለሁ።

ልጄ ባህሩዲን፣

አለሁ። አልወደቅሁም፣ ደም ብዛቱም አልገደለኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ልብህ እንዲያርፍ ነው።

ነጅሙዲን ዕቃውን ለእኔ ነው የሰጠኝ። እንዳትቆጣው። ረህማ የሱቅ ዕቃ ይዛ አሪቻ ወጥታ ነበር። እሱም «ለረህማ ነው ተብያለሁ፤ ግን እናት በር ላይ ተቀምጣ እያየችኝ እሷን አልፌ ለልጅ አልሰጥም፣ ነውር ነው» አለ። ጥሩ አድርገው ነው ያሳደጉት። ላሞቹን አየሁ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለውንም ፈታሁት። ላዩ ላይ የጻፍከውን አልጣሽ አሁን ነው ያነበበችልኝ። አይ አንተ! ፊደል ለማታውቅ እናት በፊደል አጥር ታጥራለህ?

ላሟን አየኋት። ጥጃውንም አየሁት። ይህንን እኔ አባቴ ቤት በእጄ ሠርቼዋለሁ። ቆዳውን የማደርቀው፣ ጭዱን የምጠቀጥቀው፣ ላሟ እንድትልሰው ጨው የምቀባው እኔ ነበርኩ። ፎቶውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጠብቅ ረህማ ከነሸክሟ ገባች። አየችውና ቆማ ቀረች። «ሸክምሽን አውርጂና ቁጭ በይ» አልኳት። «ነዚፍ የሞተው መቼ ነው?»

የላሟ ፎቶ ነው የነገረሽ እንዳትለኝ። ያወቅሁት የወታደር ልብስ ለብሶ ያመጣችሁልኝ ዕለት ነው። ፊቱ የነዚፍ ነው፤ ቀበቶው ላይ ያረፈችው የጠመመች ትንሿ ጣት ግን የማን ናት? በልጅነትህ የሱቁ በር የጨፈለቃት ጊዜ በቀርከሃ ስንጣሪ ያሰርኳት እኔ ነኝ። ስለማልችልበት ነው ጠማማ የቀረችው። ፎቶው ላይ ሳያት ልጄ በልጄ ላይ ተሰፍቶ አየሁ። ያለ አንድ ምክንያት እንዲህ አታደርጉም። ያን ዕለት ረህማን «ባህሩ የት ነው?» ብዬ ያስማልኳት፣ አንተስ በሕይወት አለህ ወይ ብዬ ነው።

ለምን ዝም አልሽ ትለኛለህ። አንተ ላሟ የተታለለች መስሎህ ነው። ላም ልጇን በጠረኑ ታውቃለች፤ ጭድ ጭድ ነው የሚሸተው። ግን ጡቷ ሞልቶ ያማታል፣ ልጄ። የምትልሰው ነገር ትፈልጋለች። ረህማ የነዚፍ ነው ብላ እየሳቀች ስታነብልኝ ድምፁ የሱን ይመስል ነበር፤ እኔም እያወቅሁ ሰማሁ። ደግሞ እሷን አየኋት። ያንን ደብዳቤ ባትጽፍ በምን ትቆም ነበር? እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን ስጠብቅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ብቸኛ ሰዎች ሆነን ከረምን።

አሁን ግን ይበቃል። ለላሟም ቢሆን ቆዳው ሲሸት ያነሱላታል።

ሐሙስ ዕለት ሰደቃ አወጣን፤ ዱዓ ተደረገለት፣ ስሙ በቤቱ ተጠራ። የሚቆጨኝ ሳይጠራ የቆየበት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ከናንተ ጋር አብሬ የሠራሁት ስለሆነ ይቅር ብያችኋለሁ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ። የአልጣሽ እናት ከቡሌ ድረስ በእግሯ ወርዳ አብራኝ አለቀሰች። ታረቀኝ በምርኩዙ መጥቶ፣ ረህማ አልጽፈውም ያለችህን ለእኔ ነገረኝ። ነዚፍ ውኃ ጠይቆ ጠጥቷል። የጠራውም እኔን ነው። ይህ የእናት ድርሻ ነው፤ ከእኔ መደበቅ አልነበረበትም። ረህማ ያን ዕለት እስኪበቃት አለቀሰችና ተኛች፤ ስትነሳ ራበኝ አለች። ከሚያዝያ ወዲህ ራበኝ ስትል የሰማኋት ያኔ ነው።

አሁን ከአንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የላክኸውን ፎቶ ሁሉ አልጋው ላይ ደርድሬ አየሁት። ቆርኬዋ ከነልጇ፣ ጉሬዛዋ ከነልጇ፣ የሜዳ አህያዋ ከነልጇ። እኔ ከልጆቼ ጋር የተነሳሁት ግን አንድ እንኳ የለም። የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ስታነሳ፣ የኛን ነገ ነገ እያልክ ነዚፍ ሄደ። ብታነሳንም ኖሮ አንተ ከማሽኑ ኋላ ነበር የምትቀረው።

ስለዚህ ና። ካሜራህን ይዘህ ና፤ እንዴት እንደሚጫን ለአልጣሽ አሳያትና እሷ ታንሳን። አንተ በቀኜ ቁም፤ እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርግ፣ ያቺ ጣትህ ትታይ። ረህማ ከፊቴ ትቀመጥ። በግራዬ በኩል ለነዚፍ ቦታ እንተውለታለን። በኋላ ጨለማ ክፍልህ ገብተህ እንዳትሞላው። ባዶውን እንዳለ አትምልኝ።

እናትህ መሪማ